ለጊዜው ጥላ ስር

ሽታዬ እንድሪስ አባቷን ጥላ ስር ካሳረፈቻቸው ስድስት ዓመት በመጪው ጳጉሜ ይሞላል። ሥራው ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም። ከአባቷ ስም ፊት አራት ምልክት፣ ከመጨረሻው መስመራቸው ኋላ ሦስት ምልክት ጻፈች፤ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነች፤ ከዚያ ተነስታ እጇን ታጠበች። እጇ አልቆሸሸም ነበር።

ዓመቱ 2091 ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በር የሚከፈተው፣ ቧንቧ የሚወርደው፣ አውቶቡስ የሚቆመው የቤተሰብ ሰነድ ተነብቦ ነው። ሰነዱ ኤክስኤምኤል በሚባለው በድሮው አጻጻፍ የተጻፈ ነው፤ የተከፈተ ሁሉ መዘጋት አለበት፣ ልጅ በእናት ውስጥ፣ እናት በቤት ውስጥ፣ ቤት በቀበሌ ውስጥ። የሚያነበው ፕሮግራም ከስልሳ ዓመት በፊት ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ሲሆን ሰው ሁሉ አንባቢው ይለዋል። ማን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም። አንባቢው ደስ ካለው «ሰነዱ ትክክል ነው» ይላል። ካላለው የመስመሩንና የዓምዱን ቁጥር ይናገርና ይቆማል። ከዚያ በታች ምን እንዳለ አያይም፣ ማየትም አይፈልግም። ስለዚህ ሰው አንዱን ስህተት አስተካክሎ፣ ሦስት ወር ወረፋ ጠብቆ ሲመለስ፣ ቀጣዩ ስህተት ይነገረዋል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይኸው ነው። አንድ ሰው ላይ ስህተት ከተገኘ ደግሞ የሚወድቀው ሰውዬው ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ነው።

ሽታዬ በሰነድ ጣቢያው ውድቅ ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ጠዋት ጠዋት መስኮቷ ፊት የሚሰለፈው ሰው «ምን ሆነህ ነው?» መባባል ከተወ ቆይቷል። «መስመርህ ስንት ነው?» ነው የሚባባለው። «አርባ አንድ፣ ዓምድ አሥራ ሁለት» ይላል አንዱ፣ ሐኪም የነገረውን በሽታ እንደሚያወራ ሰው። «የባሌ ወንድምስ ሃያ ላይ ነው የቀረው» ትላለች ሌላዋ፤ የሰሙት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ጥላውን ያገኙት የድሮ ሠራተኞች ናቸው። በነዚያ ሰባት ምልክቶች መሐል የተጻፈን ነገር አንባቢው ዘሎት ያልፋል። መጀመሪያ የተፈጠረው ሠራተኞች እርስ በርስ ማስታወሻ እንዲተዉበት ነበር፤ እያደር ግን አንባቢው አልውጥ ያለው ነገር ሁሉ እዚያ መግባት ጀመረ። ጥላ ስር ያረፈ ሰው ለአንባቢው የለም። ለሰው ግን አለ፤ የመድኃኒት ቤቷ ነርስ፣ የአውቶቡስ ረዳቱ፣ የቀበሌ ጸሐፊዋ ሰነዱ የሚታይበትን መስታወት በዓይናቸው ሲያዩ ማስታወሻው ይታያቸዋል። የሽታዬ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ናቸው። ጳጉሜ ስድስት ተወልደው ነው እንጂ ሌላ ጥፋት የለባቸውም። የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ። ለጊዜው ነው፣ እባካችሁ።» ነርሷ ሐዋ ይህን አይታ ክኒኑን በልጃቸው ስም ትሰጥ ነበር። የከተማው ደግነት ሁሉ በነዚያ ሰባት ምልክቶች መሐል ይኖር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አቶ እንድሪስ አበጋዝ የተወለዱት ጳጉሜ ስድስት ቀን 2007 ነው። አንባቢው የሚያውቀው የጳጉሜ ቀን አምስት ብቻ ነው። ቀኑን አንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት አይቻልም፤ የልደት መስመር ማኅተም አለበት፣ አንድ ቁጥር ከተነካ ማኅተሙ ይሰበራል፣ ማኅተሙ ለተሰበረ ሰው ደግሞ ጥላም አይገኝለትም። ለረጅም ዓመታት ነገሩ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንደ ስህተት እንዲቆጠር ታዘዘና ቤቱ በሙሉ ወደቀ። ሽታዬ፣ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ የነበረችው ልጇ ውቢትና አቶ እንድሪስ ጎረቤት በአጥር በሚያቀብላቸው ጀሪካን ውሃ ሦስት ቀን ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን አቶ እንድሪስ፣ «እኔን አታወጪኝም? ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ።

«ለጊዜው ነው አባባ።»

«ለጊዜው ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ አቤት ብላለች። በየሦስት ወሩ የመጣው መልስ አንድ ነው፤ መስመር አሥራ ዘጠኝ፣ ዓምድ አሥራ አራት።

አቶ እንድሪስ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ የነበሩ፣ ቀልድ የማይጠፋቸው ረጅም ሰው ናቸው። ጥላ ስር ከገቡ በኋላ በገዛ ቤታቸው በር የሚገቡት ልጃቸውን ተከትለው እንደ ሻንጣ ነው። ቧንቧው ስር ብቻቸውን ከቆሙ ጠብ አይልም። ለዚህም መላ አበጅተው ነበር፤ ውሃ ሲፈልጉ ውቢትን ጠርተው፣ «ነይ እስቲ፣ ቧንቧው ሰው ይይ» ይላሉ።

በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ እንደ ሰው ይወጡ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ሲደርስ አንባቢው ቀኑን ስለማያውቀው ቀኑን ሙሉ ይቆማል፤ በሮችም በጳጉሜ አምስት ማታ በነበሩበት ይቀራሉ። የኮምቦልቻ ሰው ይህን ስለለመደ በአምስት ማታ በሩን ሁሉ ከፍቶ ድንጋይ ያስደግፍበታል። በማግስቱ ጥላ ስር ያለው ሁሉ ይወጣል። አስፋልቱ በሽማግሌ፣ በአሮጊት፣ ፀሐይ ባላየ ፊት ይሞላል። በ2087 አቶ እንድሪስ ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግራቸው ሄደው ፉል በልተው ተመልሰዋል። ያንን ፉል አራት ዓመት ሙሉ አውርተውታል።

ደብዳቤው የመጣው ነሐሴ ሃያ ስምንት ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ምናሴ ሠራተኛውን ሰብስበው ቆመው አነበቡት። በየዓመቱ በጳጉሜ የሀገሩ ሰነድ ሁሉ አንድ ጊዜ ይነበባል፤ ዘንድሮ ግን መነበብ ብቻ ሳይሆን ወደ አዲስ ማከማቻ ይገለበጣል። ገልባጩ ትርፍ ነገር አይዝም። ትርፍ የተባሉትም በዝርዝር ተጽፈዋል፤ ባዶ መስመር፣ ባዶ ቦታ፣ ማስታወሻ።

ሽታዬ እጇን አወጣች።

«ማስታወሻዎቹ ወዴት ይሄዳሉ?»

«የትም አይሄዱም» አሉ አቶ ምናሴ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። «ማስታወሻ ሰነድ አይደለም ይላል።»

«አቶ ምናሴ፣ ውስጡ ሰው አለ እኮ።»

«የት ተጽፏል ሰው አለ ተብሎ?»

«ማስታወሻው ላይ ነዋ!»

አቶ ምናሴ መነጽራቸውን አወለቁ። እህታቸው ጥላ ስር ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ይህን በክፍሉ የማያውቅ የለም። «ዝም አይነቅዝም፣ ሽታዬ» አሉና ደብዳቤው ላይ ፈርመው ለቀጣዩ አቀበሉ። ሁሉም ፈረመ፣ እሷም ፈረመች። ከሰዓት በኋላ በክፍላቸው የመስታወት ግድግዳ በኩል አየቻቸው፤ የእህታቸውን ሰነድ ከፍተው ሰባቱን ምልክቶች ሲያጠፉ፣ ሲመልሱ፣ ሲያጠፉ፣ ሲመልሱ ዋሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ስንት እንደሆነ ሽታዬ ለማወቅ ሞከረች። አልተቻለም። የሚቆጥረው አንባቢው ነው፣ እሱ ደግሞ አያያቸውም።

አባቷን ከጥላ ብታወጣቸው ቤቱ ይወድቃል። በጳጉሜ የወደቀ ቤት እስከ ጥር አይታይለትም። ውቢት ደግሞ ዘጠነኛ ወሯ ውስጥ ገብታለች፤ ባሏ ሰመራ ሥራ ላይ ነው፤ የወደቀ ቤት ሴት ሆስፒታል በር ላይ ብትወልድም በሩ አይከፈትላትም፣ የተወለደውም የማንም አይሆንም። ባታወጣቸው ጳጉሜ አምስት ላይ አባቷ ከነማስታወሻቸው ይጠፋሉ። ሽታዬ ይህን ሒሳብ አውቶቡስ ላይ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ የሰው ስህተት ስታርም ደጋግማ ሠራችው። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድላታል።

ጃቫ የሚያውቅ ሰው በከተማው አንድ ብቻ ቀርቷል አሏት። ጳጉሜ ሁለት ከምሳ በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ቦርከና ድልድይ ወረደች።

አቶ ውብሸት ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። ከወንዙ ዳር በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ዶሮ ያረባሉ። የመጣችበትን ስትነግራቸው ዶሮዎቹን መመገብ አላቋረጡም። ጳጉሜ ስድስት ስትል ግን ጣሳው እጃቸው ላይ ቆመ።

«አምስት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሽታዬ የሰማችው አልገባትም። «ምኑን ነው የጻፉት?»

«ጳጉሜ ስንት ቀን እንዳለው። አንዷን መስመር። በ2028 ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለመስከረም አንድ መድረስ አለበት ተብሎ አለቃው ጀርባችን ላይ ቆሞ ነበር። ስድስተኛው ቀን የሚመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ እስከዚያ እመለስበታለሁ አልኩ።» ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ከጎኑ ጽፌበታለሁ እኮ። 'ለጊዜው አምስት ይሁን፣ ስድስተኛው ቀን በኋላ ይስተካከላል' ብዬ ማስታወሻ ትቻለሁ።»

«ታዲያ የተከተልዎት ሰው አላየውም?»

«ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት አዛወሩኝ። በእጃችን የጻፍነው ጠፋ፤ የቀረው ማሽኑ እንዲገባው የተቀየረው ብቻ ነው። ማሽን ውስጥ ደግሞ ማስታወሻ አይገባም።»

«አሁን ማስተካከል አይቻልም?»

«ለማስተካከሉማ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ግን የሀገሩ በር ሁሉ አንባቢው ያልተነካ መሆኑን ነው መጀመሪያ የሚያየው። አንድ ቁጥር ቀይሬ ባስገባ የሚያውቀው በር የለም። ስልሳ ዓመት የተመካነው ባለመነካቱ ነው።»

ሽታዬ ተናደደች። የመጣችው ለልመና ነበር፣ አሁን ግን እኚህን ሽማግሌ ዶሮዎቻቸው መሐል ገፍትራ ልትጥላቸው ቃጣት። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ሲባል ትሰማ ነበር፤ ቅሉ ዶሮ የሚቀልብ ሽማግሌ ይሆናል ብላ ግን አልጠበቀችም። ስልሳ ዓመት! አንድ መስመር!

«አባትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ከአራት ቀን በኋላ ሰማንያ አራት ይሞላቸዋል። በእርስዎ አቆጣጠር ግን ገና አልተወለዱም።»

አቶ ውብሸት እሷን ሳይሆን ዶሮዎቹን እያዩ፣ «እነዚህ ሰነዴ ውስጥ አሉ» አሉ። «አሥራ አንዱም። የልደት ቀናቸውን አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም።»

ሽታዬ ወደ በሩ ሄዳ ነበር። ቆመች።

«አንባቢው ቀን የሚጠይቀው ሰውን ብቻ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዕቃ አይጠይቅም።»

ጳጉሜ አራት ረፋድ ላይ፣ መስኮቷ ፊት ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ሽታዬ የቤቷን ሰነድ ከፈተች። ከቤተሰቡ ዝርዝር በታች የንብረት ዝርዝር አለ። አዲስ ዕቃ ጨምር አለች። ዓይነቱን ከተሰጠው መምረጥ ነበረባት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቁም ሳጥን፣ ምድጃ። ሌላ የሚል የለም። አባቷ ቀኑን ሙሉ መስኮት ስር የሚቀመጡባት አንዲት ወንበር ነበረቻቸው። ወንበር አለች። ቀለም ሲላት ጠይም ብላ ጻፈች። መለያ በሚለው ቦታ እንድሪስ አበጋዝ አለች። ይዞታ ከሚለው ሥር አዲስ፣ ደህና፣ ያረጀ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ነበሩ። እዚህ ላይ ብዙ ቆየች። ደህና የሚለውን ነካች።

«ሰነዱ ትክክል ነው» አለ አንባቢው።

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ አይታዋለች። አይታው ስታለቅስ ግን የመጀመሪያዋ ነው። አቶ ምናሴ በክፍላቸው የመስታወት ግድግዳ በኩል አዩዋት፤ መጥተው ከጀርባዋ ቆመው መስመሩን አነበቡት። ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በሩን ዘጉ፤ ከዚያ የመጻፊያውን ቁልፍ ሲመቱ ይሰማ ነበር። እህታቸው ምን ዕቃ እንደሆነች ሽታዬ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ምሳ ላይ አቶ እንድሪስ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ልጃቸውን አዩአት።

«ዛሬ አይደል የሚገለበጠው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ተገልብጧል አባባ።»

«ታዲያ የት ገባሁ? ጠፋሁ ወይስ አለሁ?»

«አሉ። ደህና ቦታ አስገብቼዎታለሁ።»

«የት?»

ውቢት ሆዷን ይዛ እናቷን ታያለች። ሽታዬ እንጀራውን እየቆረሰች፣ «ከዕቃው ጋር» አለች።

«ምን ሆኜ?»

«ወንበር።»

ሽታዬ ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። ከዚያ የሰማችው የአባቷን ሳቅ ነው፤ እስኪያስላቸው፣ ውቢት ተነስታ ጀርባቸውን እስክትመታ ድረስ ሳቁ።

«ባለ መደገፊያ ነው ወይስ ዱካ?»

«ባለ መደገፊያ ነው አባባ።»

«እሱስ ደግ» አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዱካ ብታደርጊኝ ነበር የምቀየመው።»

ጳጉሜ ስድስት ጠዋት በሮቹ ሁሉ ድንጋይ ተደግፈው ክፍት ነበሩ። ጥላ ስር የነበረው ሰው እንደ ልማዱ ወጣ። ብዙዎቹ ትናንት ምን እንደተደረገ አልተነገራቸውም። አሮጊቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ከአራት ዓመት በፊት ካዩዋቸው ሰዎች ጋር ይሳሳማሉ፤ «ለመጪው ያድርሰን» ይባባላሉ። አቶ ምናሴ እህታቸውን ክንዷን ይዘው ሲያልፉ ለሽታዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ እንድሪስ የልደት ቀናቸው ስለሆነ የባቡር ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ጣቢያው አጠገብ ያለው ቁርስ ቤት ገብተው ፉል አዘዙ፤ ሽታዬ ከጎናቸው ተቀመጠች። ፉሉ እንደመጣ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ መጥተው ጠረጴዛቸው ፊት ቆሙ። አቶ ውብሸት ነበሩ። ከቦርከና እዚያ ድረስ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተውታል።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

አቶ እንድሪስ ልጃቸው አስቀድማ ነግራቸው ነበርና አልተደናገጡም። «አምስት ያልከው?»

«አዎ።»

«ቸኩለህ ነው አሉ።»

«ቸኩዬ ነው። ይኸው አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብኝ…»

«እኔም ባቡር ላይ ስቸኩል ስንቱን ትኬት ሳላይ አሳልፌዋለሁ» አሉ አቶ እንድሪስ። «የኔ መቸኮል ሰው አሳለፈ። ያንተ አስቀረ። ልዩነቷ እቺ ናት።» ከዚያ ባዶውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉላቸው። «ቁጭ በል። ፉሉ በረደ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአንድ ሳህን በሉ። ስለ ሰነድ አላወሩም። ስለ ድሮው የባቡር ዋጋ፣ ስለ ዶሮ በሽታ አወሩ። ሽታዬ ፉሉን አልቀመሰችም፤ አባቷ ሲበሉ ማየት ይበቃታል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ወደ ቤት ተመለሱ።

በመስከረም አንድ ማለዳ ድንጋዮቹ ተነሱ፣ በሮቹም ማንበብ ጀመሩ። አቶ እንድሪስ ዘመን መለወጫ ነውና ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ልጃቸውን ተከትለው ወጡ። ሽታዬ አለፈች። እሳቸው እግራቸውን ሲያነሱ በሩ ዘጋባቸው። መስታወቱ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ፤ ዕቃ ያለ መውጫ ፈቃድ አይወጣም።

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ሽታዬ አላሰበችውም፣ አቶ ውብሸትም አላስታወሱትም። ጥላ ስር ያለ ሰው ለበሩ ጨርሶ ስለሌለ ልጁን ተከትሎ ይወጣል፤ ዕቃ ግን አለ። የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ለሦስት ምክንያት ነው፤ ለሽያጭ፣ ለጥገና፣ ለማስወገድ። ሽታዬ ለጥገና ብላ አመለከተች። የሚጠግነው የእንጨት ሥራ ድርጅት ስምና ቁጥር ይጠቀስ የሚል መልስ መጣላት። ለስምንት አናጢዎች ደወለች። ሰባቱ ሳቁባት፤ አንዱ ነገሩ ገብቶት በጣም አዝኖ ይቅርታ ጠየቃት። የአናጢው ስም ከተያዘ የራሱም ቤት ይወድቃል።

መድኃኒቱም እንዲሁ ሆነ። ነርሷ ሐዋ ሰነዱን ከፍታ ማስታወሻው የነበረበትን ቦታ ብዙ አየችው።

«ሽታዬ፣ እኔ ጋሽ እንድሪስን አውቃቸዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ግን ሲጠይቁኝ የማሳየው ነበረኝ፤ ማስታወሻውን ነበር የማሳየው። አሁን ለማን ሰጠሁ ልበል? ለወንበር?»

እስከ መስከረም መጨረሻ ሐዋ ክኒኑን ከራሷ ድርሻ እየቀነሰች ሰጠቻት። በጥቅምት ሐዋን ወደ ሐይቅ ከተማ አዛወሯት። በምትኳ የመጣችው ልጅ መጥፎ ሰው አልነበረችም፤ መስታወቱን አይታ የሌለ ነገር አላየችም፣ በቃ።

ውቢት መስከረም ዘጠኝ ወለደች። የሆስፒታሉ በር ገና ከሩቁ አይቷት ተከፈተ። ሴት ልጅ ነበረች፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስምንት መስመር ተጻፈላት፣ ማኅተሟም ተመታ። አቶ እንድሪስ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስተኝተው መስኮት ስር መዋል ጀመሩ። «ይኸው ዕቃ ሆኜ ጠቀምኩ» ይሉ ነበር። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ግን ሲያወሩ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፣ ቀልዱም አጠረ። አንድ ቀን ሽታዬ ከሥራ ስትገባ ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ፊት ቆመው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ምናልባት ተሳስቶ ቢከፍተው ብዬ ነው።»

ሽታዬ ይህንን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። የዳነችው ልጇና የልጅ ልጇ ናቸው፤ ይህ እውነት ነው፣ ደስ ይላታል። አባቷን በገዛ እጇ ወንበር ማድረጓም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች አንድ ሰነድ ላይ፣ ጥቂት መስመር ተራርቀው ተጽፈዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አቶ እንድሪስ ኅዳር ሦስት ቀን ጠዋት አልነቁም።

የእድሩ ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። እንደ ወጉ ገብተው አስተካክለው አነሷቸው። በሩ ግን አልከፈተም። የመቃብር ቦታው በርም እንደማይከፍት ያውቃሉ፤ ያልሞተ ሰው አይቀበልም፣ ለመሞት ደግሞ መጀመሪያ መኖር ያስፈልጋል። አቶ እንድሪስ ከሚስታቸው አጠገብ መቀበር ነበር የሚፈልጉት። አቶ ውብሸት ይህን ሰምተው የዶሮ ግቢያቸውን አንድ ጥግ አጸዱ። ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረ ሲጠየቅ፣ «ራሳቸው ናቸው፣ ማንንም አላስጠጉም» ተባለ።

የቀረው የመውጫ ፈቃዱ ቅጽ ነው። ሽታዬ ለቀስተኛው ቆሞ እየጠበቀ በሩ ጎን ባለው መስታወት ከፈተችው። ምክንያት ሲላት ከሦስቱ ማስወገድ የሚለውን መረጠች። የሚወገድበት ሁኔታ ሲላት የተሰበረ፣ ያረጀ፣ የጠፋ ከሚሉት ያረጀ አለች። የሚሄድበት ሲላት የተሰጣት ማቃጠያና የቆሻሻ ማዕከል ብቻ ነበር። አንዱን ነካች፤ የትኛውን እንደነካች ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ጣቷ አስገባ የሚለው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከወንበሩ መስመር በላይ አራት ምልክት ጻፈች፣ ሦስት ምልክት ጻፈች፣ በመሐሉም እንዲህ ብላ አስገባች፦ «ወንበር አልነበሩም። አባቴ ነበሩ።» ከስንት ጊዜ በኋላ ሰነዷ ላይ የሰው ቃል ነበረ። እንደማይቆይ ታውቃለች። ሁለት ጊዜ አነበበችውና አስገባ አለች።

«ሰነዱ ትክክል ነው» አለ አንባቢው፣ በሩም ተከፈተ።

ሰዎቹ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ። ሽታዬ ከመከተሏ በፊት መስታወቱን ዞር ብላ አየችው። ማስታወሻው የለም፣ ወንበሩም የለም። ከሥር የነበረው ጠረጴዛ አንድ መስመር ወደ ላይ ተጠግቷል።